ለወረቀቷ ልጅ የፈሰሰ እንባ

ጥቅምት 9

ለአክስቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤ ሲጀመር «እኛ ደህና ነን» ይባላል። እማዬም «ደህና ነን በላት» ብላኛለች፤ እንግዲህ ብላለች ብዬ ጽፌዋለሁ። አንቺስ ጤናሽ እንዴት ነው? የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሙቀት አሁንም እግርሽን ያሳብጠዋል?

ለእትዬ የላክሽው እሽግ ደርሷል። ያመጣው ሰውዬ መንገድ ላይ ስለቆየ የእህቴን መሞት አልሰማም ነበር። በሩ ላይ ቆሞ እየሳቀ «ባለቤቷ ካልመጣች ለማንም አልሰጥም፤ አደራ ነው!» አለ። እማዬ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። እኔ ተቀበልኩት። ሰውዬው ፊታችንን አይቶ ገባው መሰለኝ፣ ውሃ እንኳን ሳይጠጣ ሄደ። ሦስቱም መጻሕፍት ደህና ናቸው፤ የአንዱ ሽፋን ብቻ ታጥፏል።

ለብዙ ቀን ማንም አልነካቸውም። በኋላ እኔ ወሰድኳቸው። የእናንተን ደንብ አውቃለሁ፤ ያነበበ ሰው አስተያየቱን ካልጻፈ ሌላ መጽሐፍ አይላክለትም። እትዬ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ለአንቺ ስትጽፍ፣ እኔ ካወራሁባት «ዝም በል፣ ሰው እየገደልኩ ነው» ትለኝ ነበር። ደራሲውን ማለቷ ነው። እስቲ እኔም ልሞክር።

መጀመሪያ ያነበብኩት የመንትዮቹን ነው። (እናንተ መጽሐፍ በርዕሱ ጠርታችሁ አታውቁም፤ እኔም አልጀምርም።) ሀብታሙ ነጋዴ መኪናው ገደል ገብቶ ይሞታል፣ ሚስቱ አብዳ ልትሞት ትደርሳለች፣ ከዚያ መጽሐፉ መሃል ላይ ሰውዬው በሩን ከፍቶ ይገባል። ለካስ የሞተው ማንም የማያውቀው መንትያው ነው! አክስቴ፣ ይሄ ማጭበርበር ነው። ሰውን አስለቅሶ «ቀልዴን ነው» ማለት ነው። የሞተ ሰው በር ከፍቶ አይገባም። ሚስትየዋ ደግሞ አትደነግጥም፤ «ራት በልተሃል?» ነው የምትለው። ክፍላችን ውስጥ በቅጥነቱ ሽቦ የምንለው ልጅ አለ፤ የቤት ሥራ ያልሠራበትን ምክንያት ሲናገር ከዚህ ደራሲ የተሻለ ይዋሻል።

የመርማሪው ይሻላል። ከጫማ ጭቃ ተነስቶ ገዳዩ ላይ መድረሱ ደስ ይላል፤ እኔም ሰሞኑን የሰው ጫማ ሳይ ነው የምውለው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰውዬው ገና በመጀመሪያው ገጽ ይሞታል፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ግን ማንም አያለቅስለትም። ሁሉም «የት ነበርክ? ማን አየህ?» ይባባላል። እናት ይኑረው አይኑረው እንኳን አልተጻፈም። ይህን ለመውቀስ እኔ ማን ነኝ፤ ይቅር።

ሦስተኛውን፣ የባቡር ጣቢያዋን ልጅ፣ ገና አልጀመርኩትም። አባዬ እንደ ወትሮው በጭነት መኪናው መንገድ ላይ ነው። እማዬ ሰላም ብላሻለች።

አክባሪሽ፣
የእህትሽ ልጅ


ኅዳር 17

ለጎበዙ ልጄ፣

በደጅህ ክፉ አይለፍ፤ የምትማረው ይግለጥልህ፤ እናትህንም ፈጣሪ በአንተ ያጽናናልኝ።

አስቀድሜ ለዚያ ሰውዬ ደውዬ መንገር ነበረብኝ። በሩ ላይ ሲስቅ ታየኝና ደብዳቤህን ለጊዜው አጠፍኩት። መልሼ የከፈትኩት ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሚስትየዋ «ራት በልተሃል?» ያለችው ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፤ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች። ሽቦን ሳመው፤ ደራሲ ይወጣዋል።

ግን በመንትዮቹ አልስማማም። ማጭበርበር መሆኑ ለእኔም ጠፍቶኝ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ ውዬ ቤቴ ስገባ አንድ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ ማንበብ እፈልጋለሁ። አውቄ ነው የምታለለው። አንተም ስታድግ ይገባሃል ብዬ ልመጻደቅብህ ነበር፤ ተውኩት። በመርማሪው ግን ረታኸኝ። ለካስ ስንቱን ሬሳ ተራምጄው አልፌያለሁ!

የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልበልህ። ስለ ጭቃ ጻፍክ፣ ስለ ሽቦ ጻፍክ፣ ስለ እሷ ግን ከነጫማዋ መጋደሟን ብቻ። እናትህ በስልክ «እሱ ደረቅ ነው፤ እህቱን ስንቀብር ዓይኑ እንኳን አልቀላም» አለችኝ። ልትወቅስህ አይደለም፣ ፈርታ ነው። «ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግኩት?» እያለች ራሷን ትበላለች። አንተስ ምን ትላለህ? ባትመልስልኝም አልቀየምህም።

የባቡር ጣቢያዋን ልጅ ስትጨርስ ጻፍልኝ። ቶሎ አይሁን፤ ቀስ ብለህ አንብባት።

አክስትህ


ታኅሣሥ 22

ውድ አክስቴ፣

ምርቃትሽ ደርሶኛል፤ ግን ለተሳሳተ ሰው የተላከ መሰለኝ። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስቀድ ነው የሰነበትኩት።

አስተያየቴን ላስቀድም። የባቡር ጣቢያዋ ልጅ መጥፎ መጽሐፍ ነው። ትኬት ቆራጯ በመስኮቷ ቀዳዳ የሚታያት የሰው እጅ ብቻ ነው፤ አንዱን መምህር በእጁ ብቻ አይታ ትወደዋለች። እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ ግን ደራሲው በየገጹ ጨረቃ ያወጣል። ሁሉም ሰው «ወይ ዕድሌ!» እያለ ግድግዳ ይደገፋል። ልጅቷ ገና አንዴ ስታስል አንባቢ ሁሉ እንደምትሞት ያውቃል፤ የማያውቁት እሷና ሐኪሟ ብቻ ናቸው። ስትሞት ደግሞ ያለማቋረጥ ታወራለች። ሰው ሲሞት እንደዚያ አያወራም። እኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ ይህን መጽሐፍ ነው ባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ከዴስክ ሥር ደብቄ ሳነብ የነበረው። ትምህርቱ ስለ ቅጠል ነበር። መጨረሻው ላይ፣ ልጅቷ ከሞተች በኋላ፣ አዲስ ትኬት ቆራጭ ትቀጠራለች። መምህሩ እንደ ልማዱ እጁን በመስኮቱ ያስገባል። አዲሷ ልጅ «ወዴት ነው?» ትለዋለች። እሱ የሚሄድበት ይጠፋዋል። በቃ ይኸው ነው። ከመጽሐፉ ሁሉ የባሰው ገጽ ነው፤ ጨረቃዋ በቀን ሁሉ ወጥታለች። እኔ እዚያ ላይ አለቀስኩ። ዝም ብሎ እንባ ቢሆን ደግ ነበር፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ንፍጤ እየተዝረከረከ፣ ዴስኩ ከእኔ ጋር እየተንቀጠቀጠ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሽቦ በእግሩ መጽሐፉን ገፍቶ ከቦርሳዬ ሥር ደበቀልኝ። ቲቸር ጠመኔያቸውን አስቀምጠው መጡ። ሲስቁ እንኳን አይተናቸው የማናውቅ ሰው ናቸው። ራሴን ደረታቸው ላይ አስጠግተው «አልቅስ የኔ ልጅ፣ ይውጣልህ። እኔም ታናሼን ቀብሬያለሁ፤ አውቀዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ እሳቸውም አለቀሱ። ሴቶቹ ተከተሏቸው። አንዱ ረባሽ ልጅ ሳይቀር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ክፍሉ በሙሉ ለእትዬ አለቀሰ፤ እኔ ብቻዬን ለትኬት ቆራጯ።

«ቲቸር፣ መጽሐፍ ሳነብ ነው» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። የሳቸው እንባ አንገቴ ላይ ሲወርድ ምን ብዬ ልናገር?

ፈተናዬን አዘገዩልኝ። የክፍሌ ልጆች ተሰብስበው ቤት ድረስ መጡ። ዳይሬክተሩ እማዬን አስጠርተው «ልጅዎ ሐዘኑን አፍኖት ኖሮ ዛሬ ወጣለት» አሏት። ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን እጄን ይዛ መጣች፤ ሕፃን ከነበርኩበት ጊዜ ወዲህ ይዛኝ አታውቅም። በሩ ላይ ስንደርስ «ይቅር በለኝ፤ ደረቅ ብዬሃለሁ» አለችኝ። እናቴ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ አክስቴ!

አሁን ልብስ ልትለካ የመጣች ሁሉ ይህን ሰምታ ነው የምትወጣው። «ልጄ ለእህቱ እንዴት እንዳለቀሰ! ተሸክመው ነው ያወጡት» ትላለች። ማንም አልተሸከመኝም። መጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማታለሁ። እህል ትቀምሳለች አሁን። እንቅልፍም ይወስዳታል። አንዳንዴ ጨርቅ ስትቆርጥ ታንጎራጉራለች። ይህ ሁሉ በአንዲት ትኬት ቆራጭ!

ልንገራት ወይስ ልተወው? ብነግራት ያው ድንጋይ ልጇ ነኝ። ባልነግራት፣ ለደንበኞቿ የምታወራለት ያ ጥሩ ልጅ ሌላ ሰው ነው፤ ቤታችን ውስጥ ከእኔ ጋር ይኖራል፣ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ? እባክሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

የእህትሽ ልጅ


ጥር 29

ለምወድህ ልጄ፣

ዕድሜህ ይርዘም፤ ሐሳብ ከትከሻህ ይውረድ፤ የእናትህ ቤት ዳግመኛ ልቅሶ አይግባበት።

«ቶሎ» ብለኸኝ ስለዘገየሁ አትቀየመኝ። ሆቴሉ እንግዳ በዝቶበት ካውያው ከእጄ አልወጣም።

የጠየቅከኝ ቀላል ነገር ነው። መጽሐፉ ሰበብ ሆነልህ እንጂ ያለቀስከው ለእህትህ ነው። ሰው ሐዘኑ የሚወጣበትን በር አይመርጥም። ቲቸርህም አልተሳሳቱም፣ እናትህም አልተሳሳተችም፤ ስለዚህ የሚነገር ነገር የለም። ተወው። እንቅልፍ ወስዷታል ካልከኝ ለምን ትቀሰቅሳታለህ?

ስለ መጽሐፉ የኔን አስተያየት አልጻፍኩልህም፤ ካነበብኩት ስለቆየ ረስቼዋለሁ። ሰው ሳገኝ ሌሎች እልክልሃለሁ። ምን ዓይነት ትፈልጋለህ? የሚያስቅ ይሻላል መሰለኝ።

አክስትህ


የካቲት 18

ለአክስቴ፣

ምርቃትሽን ተቀብያለሁ። ምክርሽን ግን ይዤው ልቆይ ብል አልያዝ አለኝ።

እንደዚያ እንደምትይኝ አውቅ ነበር። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። ሽቦ እንኳን ብሎኛል፤ ሽቦ! ግን ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ለማን እንዳለቀስኩ አውቃለሁ። ያቺ ልጅ ፊቴ ላይ ነበረች፤ መስኮቷ፣ የተላጠው ቀለሙ፣ ሁሉም። እትዬ አልነበረችም። እትዬ ስትሞት እኔ አልጋዋ አጠገብ ቆሜ የማስበው ሆስፒታሉ በር ላይ ሳልቆልፍ ስለተውኩት ብስክሌቴ ነበር። «ይሰርቁብኝ ይሆን?» እያልኩ። ለእሷ ብስክሌት፣ ለወረቀቷ ልጅ እንባ። ይህን ደግሞ አገላብጬ «የእሷ ነው» ብዬ ብሰጣት፣ የሰው ትርፍራፊ እንደ መስጠት ነው። እትዬ ትርፍራፊ አትወድም ነበር፤ ታውቂያታለሽ።

ሌላም ነገር አለ። «ረስቼዋለሁ» ብለሻል። አንቺ መጽሐፍ አትረሺም። እትዬ «አክስቴ የበር እጀታ ቀለም ሳይቀር ታስታውሳለች» እያለች ትቀናብሽ ነበር። ምን ሆነሽ ነው?

እማዬ ትናንት ለዳቦ ቤቷ ባለቤት ስትናገር «ሦስት ቀን አልቅሶ አላቆመም» አለች። ወሬው እያደገ ነው።

የእህትሽ ልጅ


ሚያዝያ 6

ለልጄ፣

ዛሬ ምርቃት ስጽፍ እጄ አፈረብኝ። ለአንተ የምመኘውን ፈጣሪ ያውቀዋል፤ በዚያ ውሰድልኝ።

መልስ ሳልጽፍ ይህን ያህል የቆየሁት ሥራ በዝቶ አይደለም። ባለፈውም የዘገየሁት በሥራ አልነበረም።

ያን መጽሐፍ ሁለት ነበር የገዛሁት፤ አንዱን ለእህትህ ላክሁ፣ አንዱን ያዝኩ። አብረን ጨርሰን ልንጻጻፍበት። አባትህ ሲደውል የምሳ ዕረፍት ላይ ነበርኩ፤ ከአንሶላ ጋሪዎቹ መሃል ተቀምጬ የመጨረሻውን ምዕራፍ እያነበብኩ። ነገረኝ። «እሺ» አልኩት። እሺ ይባላል? ስልኩን ዘጋሁት። መጽሐፉ ጉልበቴ ላይ እንደ ተከፈተ ነበር። ዓይኔን ወደ ታች መለስኩና ካቆምኩበት ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት፣ የኔ ልጅ። ያቺ አዲሷ ትኬት ቆራጭ «ወዴት ነው?» ስትለው «ደራሲው እዚህ ጋ አልቻለበትም፤ ይህን ለእሷ መጻፍ አለብኝ» ብዬ አሰብኩ። ለማን? ከድኜው ተነሳሁና ወደ ካውያዬ ተመለስኩ። አለቃዬ እንኳን የሆንኩትን አላወቀም።

እናትህ በኋላ በስልክ «ስትሰሚ ምን ሆንሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ወደቅኩ» አልኳት። አልወደቅኩም። ቆሜ አንሶላ ስተኩስ ነበር። እህቴ ግን እስከ ዛሬ የምታውቀው መውደቄን ነው፤ «ባዕድ አገር ማን አነሳሽ?» እያለች ታለቅስልኛለች።

እንግዲህ «ለእህትህ ነው ያለቀስከው» ያልኩህ ለአንተ ብዬ አልነበረም። የአንተ እንባ ለእሷ ከሆነ፣ የኔም ንባብ ለእሷ ይሆንልኛል ብዬ ነው። የሰጠሁህን ምክር መልስልኝ። ልንገራት ወይስ ልተወው ላልከኝ መልስ የለኝም። የኔን ልትነግርብኝ ከፈለግክ ግን አልከለክልህም።

አክስትህ


ግንቦት 13

ለአክስቴ፣

ይህ ደብዳቤ እግርሽ አርፎ ተቀምጠሽ ያግኝሽ። የሚነበብ ነገር አለው።

ነገርኳት። ከትምህርት ቤት እንደገባሁ፣ ዩኒፎርም እየሰፋች ሳለ፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ። ብቀመጥ እንደማልናገር አውቄያለሁ።

«እማዬ፣ ክፍል ውስጥ ያለቀስኩት ለእሷ አይደለም።»

ፔዳሉን ተወችው። «ለማን ነው ታዲያ?»

«ለትኬት ቆራጭ።»

«የማን ልጅ ናት?»

«የማንም። መጽሐፍ ውስጥ ያለች ናት።»

ጥርሷ ላይ የያዘችውን መርፌ አወጣችና የመርፌ መሰኪያዋ ላይ ሰካችው። ከዚያ መስፋት ቀጠለች። ስፌቱ ተጣመመ፤ ተረተረችው፤ እንደገና ሰፋችው፤ እንደገና ተጣመመ። እኔ ከነቦርሳዬ ቆሜ ነበር። «ሂድ ብላ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የምናወራው «ውሃ ቀድተሃል?»፣ «በሩን ዝጋው» ብቻ ሆነ። ማንጎራጎሩም ቀረ። ከዚህ የባሰው የዳቦ ቤቷ ባለቤት ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ዕለት ነው። ሴትዮዋ ስታየኝ «እሰይ፣ እህቱን የሚወድ! እንዲህ ያለ ወንድም ማን ያገኛል?» ብላ ጉንጬን ያዘችኝ። እማዬ ከቀሚሱ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «ለእህቱ አይደለም ያለቀሰው» አለቻት። «መጽሐፍ ሲያነብ ነው።» ሴትዮዋ እጇን ከጉንጬ ላይ አነሳች። ቀሚሷን ሳትለካው ወጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ያ ከእኔ ጋር ይኖር የነበረው ጥሩ ልጅ አብሯት ወጣ መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ያንቺን አልነገርኳትም። የመውደቅሽን ነገር ራስሽ ንገሪያት። ትቆጣለች። ከዚያ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ረጅም ነው፤ ደመወዝሽን በሙሉ የስልክ ካርድ ብታደርጊው አያልቅም። ቢሆንም ንገሪያት።

ትናንት ምሳ እንደበላን አንድ የተጠራቀመ የዩኒፎርም ክምር ታቅፋ ተቀመጠች። ቁልፍ መትከል ነበረባት። እኔ ለማጥናት ስነሳ «ተቀመጥ» አለችኝ። «ያቺን ልጅ ንገረኝ።»

«የትኛዋን?»

«ያለቀስክላትን ነዋ።»

ጀመርኩላት። ስለ መስኮቱ፣ ስለ ቀዳዳው፣ ሰው በእጁ ብቻ እንደሚታያት። እማዬ ክር እየቆረጠች «በእጁ?» አለች። «እጅ ምን ይነግራል? እኔ ሰው የማውቀው በትከሻው ነው። አባትህን መጀመሪያ ኮት ስለካው አንዱ ትከሻው ዝቅ ያለ ነበር፤ ይሄ ሰው ሸክም አይመርጥም አልኩ።» ይህን ነግራኝ አታውቅም። መምህሩ በየቀኑ ለአንድ ፌርማታ ትኬት እንደሚቆርጥ ስነግራት «ሞኝ! ወሩን በሙሉ የሚሆን አይቆርጥም ነበር?» አለች። «እንዲያያት ነዋ እማዬ» ስላት ፈገግ አለች። «ገብቶኛል። ቢሆንም ሞኝ ነው። ልጅቷም ሞኝ ናት፤ ለምን ከመስኮቱ ወጥታ አታየውም? የኔ ልጅ ብትሆን ገና በመጀመሪያው ቀን ወጥታ ‹ማን ነህ አንተ?› ትለው ነበር።»

«እትዬማ ትኬቱን ቀምታ ታባርረው ነበር» አልኩ።

እማዬ ሳቀች። ቁልፉ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ፤ ሁለታችንም ጠረጴዛው ሥር ፈለግነው። ስሟን ቤታችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራሁት ያኔ ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ።

ቀጠልኩ። ጨረቃዎቹን ዘለልኳቸው። ልጅቷ ትኬት እየሰጠች ስታስል ያለበት ቦታ ደረስኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሳለችው፤ መምህሩም አልሰማም። እማዬ መርፌዋን አቆመች።

«እዚህ ላይ ተው።»

«ገና ነው እማዬ፣ አላለቀም።»

«አውቃለሁ። አሁን በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«እንግዲያው እዚያው ትቀመጥ።»

ሌላ ዩኒፎርም አነሳችና ቁልፎቹን መደርደር ጀመረች። ዓይኔ ደረቅ ነበር፤ አሁንም ደረቅ ነው፣ አክስቴ፤ አልዋሽሽም። እሷም ወደ ዓይኔ አልተመለከተችም። ከዚያ ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ «ያ ሞኝ መምህር ነገም ይመጣል?» አለችኝ።

«ይመጣል» አልኳት።

የእህትሽ ልጅ